አሥራ አንድ ሰከንድ ከአበልጄ ጋር

እና ፀጉሩ እንኳ አልረገፈም፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የኔ አናት እንደ ሳህን ያበራል፣ እኩያሞች ነን እኮ፣ በአንድ ወር ነው የተወለድነው፣ ከወረቀት ፋብሪካው ጀርባ ያለችው ሲሚንቶ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ጉልበታችንን የላጥነው አብረን ነው፣ አሁን ሚሎዬ በጥቁር ኮቱ መስመሩ ዳር ቆሞ ዳኛው ላይ ይጮኻል፣ እኔ አግዳሚው ላይ ሰሌዳ ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ረዳት አሰልጣኝ። ሰሌዳ ያዥ በለው እንጂ።

ሰማንያ ለሰባ ሰባት፣ በሦስት ነጥብ እየመራን ነው፣ ካሸነፍን አንደኛ ሊግ እንገባለን፣ አዳራሹ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ይጮኻል፣ ሚሎዬ፣ ሚሎዬ፣ እዚህ ቻቻክ ከተማ ውስጥ ሌላ ስም የለም እንዴ? ዳቦ ቤት ስገባ ሰልፍ እይዛለሁ፣ እሱ ሲገባ ሰልፉ መንገድ ይለቅለታል። የገዛ እናቴ፣ የወለደችኝ እናቴ፣ ማቀዝቀዣዋ ላይ የለጠፈችው የሱን ፎቶ ነው፣ ለብሔራዊ ቡድን ተጫውቶ የብር ሜዳሊያውን አጥልቆ፣ ልጠይቃት ስሄድ የመጀመሪያ ቃሏ፣ ሚሎዬስ? ከስቶብኛል፣ ይበላል ወይ? ይበላል እማዬ፣ እኔን ነው የሚበላኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው፣ ከቤልግሬድ መልማይ መጣ፣ ሚሎዬ ሠላሳ አንድ ነጥብ አስቆጠረ፣ ሃያውን ማን አቀበለው? እኔ። በግራ እጄ፣ በጀርባዬ በኩል፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላየው። ሰውዬው ደብተሩን አወጣና ያገባውን ጻፈ፣ ያቀበለውን ማን ይጽፋል። ከዚያማ በቃ፣ ቤልግሬድ፣ ተሰሎንቄ፣ ስፔን፣ ጉልበቱ ተበጠሰ የተባለ ዕለት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሁለት መለኪያ ራኪያ ጠጣሁ፣ ከኀዘን ነው አልኳት ሚስቴን። ምን ዋጋ አለው፣ እሱ ገደል ቢገባ እንኳ ታች ፍራሽ ተነጥፎ ይጠብቀዋል፣ አሰልጣኝ ሆነና ኢስታንቡል ላይ ዋንጫ አነሳ። እኔ? የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር፣ ይህን ቡድን አሥራ አንድ ዓመት ያሰለጠንኩ፣ ማሊያቸውን ቤቴ ያጠብኩ፣ ከዚያ ጌታው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ለልቤ ብዬ ነው ወደ አገሬ የመጣሁት አለ፣ አለቀሱለት፣ ወንበሬን አንስተው ሰጡት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። ይነከርብኝ እንግዲህ።

ደግሞ ጠላቴ ቢሆን ደግ፣ አበልጄ ነው። ሚዜዬ እሱ፣ ሴት ልጄን ክርስትና ያነሳት እሱ፣ ወንድምህን ተጣላ፣ ፍርድ ቤት ገትረው፣ ማንም ምንም አይልህም፣ አበልጅህን ግን አትነካም፣ እኛ አገር አበልጁን የከዳ መቃብሩ ላይ ሣር አይበቅልም።

ጠዋት ስሬቴን፣ የክለቡ ፕሬዚዳንት፣ የቋሊማ ፋብሪካው ባለቤት፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ያዘኝ፣ በሩን ዝጋው፣ ነፋሱ ወገቤን ይገድለኛል አለ መጀመሪያ፣ ከዚያ፣ ስማኝ ቪዳክ፣ ዛሬ ከተሸነፍን ያን ሰውህን አሰናብተዋለሁ፣ ሰኞ ቡድኑ ያንተ ነው፣ በመካከላችን ይቅር። ምን አደረግኩ? ጫማዬን አየሁ። ሰኞ ያንተ ነው ሲባል ጫማውን የሚያይ ሰው እሺ እያለ ነው፣ አውቃለሁ፣ ልጅ አይደለሁም።

ፊሽካ። ሚሎዬ እረፍት ጠየቀ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ ቀርቷል፣ ኳሱ የነሱ ነው፣ ልጆቹ ላባቸውን እያንጠባጠቡ ከበቡን። ነገሩ ቀላል ነው፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼም ያውቁታል፣ ኳሱ ወደ ሜዳ እንደገባ ጥፋት ሠርተህ ታስቆማቸዋለህ፣ ሁለት ቅጣት ምት ይወረውራሉ፣ ሁለቱም ቢገባ አሁንም በአንድ ትመራለህ። ዝም ካልካቸው የነሱ ዘጠኝ ቁጥር ከሩቅ ይለቃታል፣ ሦስት ነጥብ፣ እኩል ለእኩል፣ ልጆቻችን ደግሞ ለጭማሪ ሰዓት እግር የላቸውም፣ ዘጠኝ ቁጥሩ አራት ወርውሮ አራቱንም አግብቷል፣ እጁ እሳት ሆኗል። ጥፋት። ምን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዞሮ ያየኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ አምጣ ካልሆነ በቀር ጠይቆኝ የማያውቀው ሰው፣ ሰሌዳውን ከእጄ አይወስድም፣ አበልጄ፣ ይላል፣ እናስቁማቸው ወይስ እንተዋቸው? አንተ ንገረኝ።

አንተ ንገረኝ! ሰኞ። የኔ ወንበር። ሚሎዬ ሻንጣውን ይዞ፣ እናቴ ፎቶውን አንስታ።

እንተዋቸው፣ አትንኳቸው፣ እላለሁ።

ይገርማል፣ ክፍል ውስጥ እንደማስተምር ነው የምናገረው። ስትራሂንያ፣ አምበላችን፣ አፉን ከፍቶ፣ ጋሽ ቪዳክ፣ ያ ልጅ እኮ እየፈጀን ነው! ሚሎዬ ያፈጥበታል፣ ቪዳክ እንተዋቸው አለ አይደል? አበልጄ ካለ አለ ነው፣ ደንቆሮ ነህ? ግባ!

ገቡ። ኳሱ ወደ ሜዳ ገባ፣ አሥር፣ ዘጠኝ፣ ማንም አይነካቸውም፣ እንዳልኩት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ ቁጥሩ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ተቀበለ፣ ዘለለ፣ ግባ፣ ማነው ግባ ያለው? እኔ ነኝ፣ ከንፈሬ ነው፣ የገዛ ልጆቼ ላይ፣ ማሊያቸውን ያጠብኩላቸው ልጆች ላይ፣ ግባ በናትህ ግባ፣ ኳሱ ቀለበቱ ላይ አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ወደ ውጭ።

ደወል።

አሸነፍን። ሰው ሜዳው ላይ እንደ ጎርፍ ነው፣ እኔ ከአግዳሚው አልተነሳሁም፣ ያ ግዙፍ ሚሎዬ አንስቶ አቀፈኝ፣ አንድ ጊዜ ሳመኝ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እያለቀሰ ነው፣ የቴሌቪዥኑ ልጅ ማይኩን ሲያስጠጋበት፣ እኔን አትጠይቁኝ ይላል፣ እኔ ብሆን ጥፋት አሠራ ነበር፣ እንተዋቸው ያለው እሱ ነው፣ ጽፋችሁ ያዙ፣ ቪዳክ! ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለ፣ ስሬቴን ወንበሬን ሊሰጥህ እንዳሰበ ሰምቼ ነበር፣ ወሬው ከተማውን ሞልቷል፣ ቪዳክ ምላሱን ይቆርጣል እንጂ አይከዳኝም አልኳቸው፣ ሰው ፊት የጠየቅኩህ ለዚህ ነው፣ እንዲያዩህ።

እንዲያዩኝ። አላወቀም። ሚሎዬ፣ በግልጥ ነበር እኮ፣ አምበሉ እንኳ ገብቶታል፣ አንተ ዋንጫ ያነሳህ ሰውዬ እንዴት አይገባህም? ቢገባው ይሻለኝ ነበር፣ ቢመታኝ፣ ሰው ፊት በጥፊ ቢለኝ። ፊቱን አየዋለሁ፣ የተደበቀ ነገር የለም፣ እንባና ላብ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት በቁመቱ ቀናሁበት፣ በሜዳሊያው፣ በፀጉሩ፣ አሁን ይኸውና አዲስ አገኘሁ፣ ሰው ማመን ይችላል፣ እንደኔ ያለውን እንኳ፣ እኔ ማንንም እንዲህ አምኜ አላውቅም፣ የገዛ ሚስቴንም፣ እግዜር ይህንንም ለሱ ሰጠው፣ ይህንንም!

ቪ፣ ዳክ፣ ቪ፣ ዳክ፣ አዳራሹ በሙሉ፣ ስሜን ነው፣ የኔን ስም፣ ሚሎዬ ወደ ሰዉ ገፋ ያደርገኛል፣ ሂድ እንጂ፣ አንተን እኮ ነው፣ ቆሜያለሁ፣ ይጮኻሉ፣ እጄን አነሳላቸዋለሁ።