መዝሙሩ ሲጀመር ቁጭ ያልኩ ቀን

እኔ፣ ሰርክ የምባለው፣ ለብሔራዊ መዝሙር ቁጭ የምል ሰው አይደለሁም። የዚህ አገር ሲቲዝን የሆንኩ ቀን ለመሐላው ቀኝ እጄን ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ቤዝቦል ሜዳው ፓርኪንግ ስሠራም መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ ሲጀመር ሠራተኛው ባለበት ቀጥ ይላል፤ እኔም ደስ እያለኝ እቆም ነበር። በፈረንጆቹ 2017፣ ስፖርተኞች መዝሙሩ ሲዘመር ተንበረከኩ ተብሎ አገር ምድሩ ሲነታረክ፣ አለቃችን ይልቃል ሰብስቦ አስጠነቀቀን፤ የማይቆም ካለ ነገ እንዳይመጣ አለ። ይልቃል ፌርፋክስ ላይ፣ የሐበሻው ሰፈር፣ እኛው መሃል ያደገ ልጅ ነው፤ ሥራውንም ያስገባኝ እሱ ነው። ዌስት አዳምስ ያለችው ቤቴ የምትከፈለው በዚችው ሥራ ነው።

አንድ ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ አጠገቡ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። የሜዳውን ቡድን ቆብ አድርጓል። ይልቃል በመገናኛ ሬዲዮ፣ ቦታው የቪአይፒ ነው፣ ቶሎ አስነሺው አለኝ። ሄድኩ። አፌን ልከፍት ስል ሰውየው ያለቅሳል። ድምፅ የለውም፣ እንባው ብቻ ይወርዳል።

እንግዲህ የሚያለቅስ ሰው ተነስ ይባላል? ለቅሶ ስንደርስ መጀመሪያ ቁጭ ነው፣ ወሬው ኋላ ይመጣል። የያዝኩትን የመኪና ማገጃ ኮን ወዲያ አድርጌ አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ ራሱ ነገረኝ። ስሙ ሩበን ነው። የተወለደው እዚሁ ቦታ ላይ ነው። ልጅ እያለ፣ የከተማው ሹሞች ለድሃ የሚሆን ቤት ይሠራበታል ብለው ሰፈሩን በሙሉ አስነሱት። የተባለው ቤት ሳይሠራ ቀረ፣ ኋላ በቦታው ይሄ ሜዳ መጣ። በሱ ግምት የእናቱ ማድ ቤት እዚህ ወንበሩ ሥር ነው። ታዲያ ይሄን ቆብ እንዴት ታደርጋለህ አልኩት፣ ተናድጄ። አባቱማ ጨዋታውን ቤት ውስጥ እንዳይከፍቱ ከልክሏቸው ነበር አለኝ። እሱ ግን ተደብቆ በሬዲዮ እየሰማ ወደደው፤ እስከ ዛሬም ይወደዋል። የአገር ጨዋታ ይሉታል እኮ! አገሩን ከእግሩ ሥር ወስደው ቲኬት ሸጡለት። ወይ ጉድ!

ይሄኔ መዝሙሩ ተጀመረ። ይልቃል የሩበንን መኪና ጎትቶ ቶው ከሚያደርገው ሰው ጋር እየመጣ ነበር፣ ባለበት ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሩበን ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ አልተነሳም። ፈራሁ፣ አልዋሽም፤ ይልቃል ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም። ግን ለቅሶ የደረሰ ሰው አልቃሹን ትቶ ይነሳል? የመጣው ይምጣ ብዬ ተቀመጥኩ።

መዝሙሩ እንዳለቀ ይልቃል ከነንዴቱ ደረሰ። «እትዬ ሰርክ፣ ነገ እንዳትመጪ ነው የምትፈልጊው?»

«ለቅሶ ላይ ነኝ» አልኩት።

ክው አለ። እናቱ በወግ ያሳደገችው ልጅ ነው፣ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እንደማይቆጡት ያውቃል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ሰፈር» አልኩት፤ ሩበን የነገረኝንም ነገርኩት።

አስፋልቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ቶው የሚያደርገውን ሰው ሂድ ብሎ አሰናበተና ሬዲዮውን ዘግቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። የቪአይፒው መኪና መጥቶ ክላክስ ሲያደርግብን ሦስታችንም አልተነሳንም።