ዓሣው አይገለበጥም

ያን እሑድ ድሩሲላ ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ ቀረች። በቲልደን ኮቭ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት የባሕር ዳር መንደር የአንዲት ሴት መቀመጫ ባዶ ከሆነ፣ መዝሙሩ ሳያልቅ "ምን ሆና ነው?" መባሉ አይቀርም። እሷ ግን ደንታም አልሰጣት። ምክንያቷን እግዜር ያውቀዋል። ዛሬ ቤቷ ምሳ የሚበሉት እንግዳ የልጇን ዕድል በእጃቸው ይዘው የመጡ ሰው ናቸው።

እንግዳው ሚስተር ፉንግ ይባላሉ፤ የዋይላን አባት ናቸው። ዋይላን የመንደሩ ክሊኒክ ነርስ ስትሆን ከድሩሲላ ልጅ ከሴልቢ ጋር ከተዋደዱ ዓመት አልፏቸዋል። ልጅቷ ቁርጡን ተናግራለች፤ ሴልቢን ትወደዋለች፣ ያለ አባቷ ቃል ግን አታገባውም። አባትየው ደግሞ ከአገሪቱ ሌላ ዳርቻ፣ ከምዕራቡ ከቫንኩቨር በስልክ፣ "ለዓሣ አጥማጅ ልጅ አልሰጥም" ብለው ነበር። ልጅቷ ለምና ለምና ስታስቸግራቸው፣ "እሺ፣ መጥቼ ቤቱን ልየው። ምሳ ከበላሁ በኋላ ቃሌን እናገራለሁ" አሉ።

ድሩሲላ በዚህ አልተቀየመቻቸውም፤ ሊገባት የማይችል ነገር ቢሆንማ በተሻላት ነበር። ሴልቢ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ባሏ ሄድሊ አንድ ጠዋት መረቡን ይዞ ወጣ፣ አልተመለሰም። ሴት ልጅ ብትኖራት ኖሮ እሷም ለባሕር ሰው አትሰጥም ነበር። ያላት ግን ወንድ ልጅ ነው። ይህ ወንድ ልጅ ደግሞ ከአባቱ ሞት ወዲህ ከልቡ ሲስቅ የሰማችው ይህች ነርስ መንደሩ ከገባች በኋላ ነው። እናም የሰውየውን "እሺ" ለራሷ አንዳች ነገር ተመኝታ በማታውቀው አመኛኘት ተመኘችው።

ሳምንቱን ሙሉ ዋይላንን መውጫ መግቢያ አሳጣቻት።

"አክስት ድሩ፣ ይኼን ያህል አይጨነቁ። ባባ እኮ ሰው አይበላም።"

"ሰው እንደማይበሉማ አውቃለሁ! ምን እንደሚበሉ ነው የጠየቅሁሽ።"

"የቀረበለትን ነዋ። አንድ ነገር ብቻ ይወቁልኝ። እኛ ቤት የእንግዳ ሳህን ባዶ ሆኖ ከታየ የምታፍረው ባለቤቷ ናት። 'ነፈገችው' ይሏታል። ባዶ ሲሆን ይጨምሩለት፣ በቃ።"

"እሱን ለኔ ተይው፣ የኔ ቆንጆ።"

ልጅቷ ያልነገረቻት ነገር ነበር። አባቷን ከአየር ማረፊያ ስታመጣቸው መኪና ውስጥ እሳቸውንም መክራለች። "ባባ፣ እዚህ መንደር ሳህን ላይ ማስተረፍ ባለቤቷን መናቅ ነው። የቀረበልህን ጥርግ አድርገህ ብላ።" ሁለቱም ምክር ሐቅ ነው። ለየብቻቸው ሲሰሙ ምንም ክፋት የላቸውም።

ሚስተር ፉንግ ቀጠን ያሉ፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰው ሆነው ተገኙ። አንድ ካርቶን ብርቱካን በሁለት እጃቸው አቀረቡ፤ ድሩሲላም በተማረችው መሠረት በሁለት እጇ ተቀበለች። "እንኳን ደህና መጡ፣ የኔ ጌታ" አለች። እንዲህ የምትለው ለፖስተኛውም ነው፣ ለቄሱም ነው፤ ዛሬ ግን ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ዓሣው ከነጭንቅላቱ ቀረበ። ሆዱ በዳቦ ፍርፋሪ፣ በሽንኩርትና በቅጠላ ቅጠል ተሞልቶ፣ በአሳማ ስብ ተጠብሶ ቆዳው ወርቅ መስሏል። ጭንቅላቱ ወደ እንግዳው እንዲዞር የነገረቻት ዋይላን ናት። ሚስተር ፉንግ ይህን አይተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ በማንኪያቸው ጫፍ ከጉንጩ ላይ ያቺን ትንሽ ለስላሳ ሥጋ አወጡና የድሩሲላ ሳህን ላይ አኖሩላት። ድሩሲላ ከዓሣ ሁሉ የምትወደው ጉንጩን ነው፤ ለእንግዳ ብላ ጨክና ትታው ነበር። ሰውየው ይህን ማን ነገራቸው?

"ኧረ እርስዎ ይብሉት!"

"ለቤቱ ታላቅ ነው" አሉ ሰውየው።

መልካም ጅማሬ ነበር። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰውየው ሳህናቸውን ጥርግ አድርገው በሉ። ድሩሲላ ሞላችላቸው። ጥርግ። ሞላች። "አፈር ስሆን፣ ይቺን ድንች ብቻ!" ድንቿም ሄደች። መጀመሪያ ላይ ድሩሲላ ደስታዋን አልቻለችውም፤ እየቆየች ስትሄድ ግን ሐሳብ ገባት። ይህ ሰው ስንት ቀን ነው እህል ያልቀመሰው? ጎመኑ አለቀ፣ ካሮቱ ተመናመነ። የሰውየው ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። ጠረጴዛው ሥር ቀበቶ ሲላላ በጆሮዋ ሰማች። ዋይላን አባቷን በእግሯ ስትጎሽማቸው ጊዜ ሚስተር ፉንግ ደንግጠው አንዲት ቁራሽ ካሮት አስተረፉ። ድሩሲላ ያቺን ካሮት አየቻት። "አስጠላኋቸው" አለች በሆዷ።

በዚህ መሀል የዓሣው የላይኛው ጎን አለቀ። ሴልቢ የቤቱ ወንድ እንደመሆኑ ተነሣ፤ ሰፊውን ማንሻ ከዓሣው ሥር ሰደደ፣ ሹካውን ከላይ ተከለ፣ ሊገለብጠው እጁን አዞረ።

የሚስተር ፉንግ እጅ ተወርውሮ የእጁን አንጓ ያዘው።

"ተው!"

ሹካው ወለሉ ላይ ወድቆ ጮኸ። "ባባ!" አለች ዋይላን፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ። ሴልቢ ወጣት ነው፣ ጉልበተኛ ነው፤ እጁን ነጥቆ ማስለቀቅ ይችል ነበር። ግን ዝም ብሎ ቆመላቸው። ድሩሲላ የሰውየውን ጣቶች አየች። በእንዲህ ያለ አያያዝ ሰው የሚያዘው ከጀልባ ጠርዝ ሊወድቅ ሲል ነው።

ሚስተር ፉንግ የገዛ እጃቸውን የሌላ ሰው ይመስል ተመለከቱት፤ ለቀቁትም። ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ይቅርታ። በሰው ቤት፣ በሰው ገበታ ላይ ነውር ሠራሁ። ዋይላን፣ ኮቴን ስጪኝ።"

በቃ፣ አበቃ፣ አለች ድሩሲላ በልቧ። ሰውየው ይሄዳሉ፣ ልጅቷ ትከተላቸዋለች፣ ሴልቢም ያን የድሮ ዝምታውን ይዞ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ይህ በዐይኗ ሲዞር ከየት እንደመጣ የማታውቀው ቁጣ ያዛት።

"ኮት የሚባል ነገር የለም! ይቀመጡ። ከጠረጴዛዬ ሰው አኩርፎም አፍሮም አይነሣም። ልጄን ለምን እንደያዙት ይንገሩኝና ከፈለጉ ያኔ ይሂዱ።"

ሰውየው ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፉ።

"አክስት ድሩ፣ ልማድ ነው" አለች ዋይላን በለሆሳስ። "ባባ የተወለደው ጀልባ ላይ ነው። ሆንግ ኮንግ ወደብ ውስጥ፣ ቤታቸው ጀልባው ነበር። አያቴ እዚያው ወልዳ እዚያው አሳደገችው።"

"ጀልባ ላይ? የጫማ መደብር አላቸው አላልሽኝም?"

"ከባሕር የራቀ ሥራ ፈልጌ ነው" አሉ ሚስተር ፉንግ። "ገበታ ላይ ዓሣ አይገለበጥም። ዓሣ የገለበጠ ጀልባ ይገለብጣል ይላሉ የእኛ ሰዎች። እኔ አላምንም። ባሕር ትቼ አርጅቻለሁ፣ ጋዜጣ አነባለሁ፣ አላምንም። እጄ ግን ያምናል።"

ድሩሲላ ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እኛ ዘንድ ዳቦ ነው" አለች።

"ዳቦ?"

"የተቆረሰ ዳቦ አይደፋም። የዳቦው ጀርባ ወደ ላይ ከዞረ አንድ ጀልባ ባሕር ላይ ይደፋል ይባላል። ባሌ ሄድሊ ዝንብ እንኳ ተቆጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ግን ይኼ ልጅ ሲጫወት ዳቦውን ቢገለብጠው እጁን መታው። ከዚያ ራሱ አለቀሰ።"

"አስታውሳለሁ" አለ ሴልቢ።

ሚስተር ፉንግ ድሩሲላን ቀና ብለው አዩዋት። "ባለቤትዎ የጠፉ ዕለትስ?"

መንደሩ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ አንድ ሰው አልተገኘም ነበር። ሁሉም ለጨዋነት ሲሉ ሲያልፉት ኖረዋል። ድሩሲላ ግን ጥያቄው አላስቀየማትም፤ እንዲያውም ይህን ሁሉ ዓመት የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ የኖረች መሰላት።

"ዳቦው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር" አለች። "በገዛ እጄ ነው ያስቀመጥኩት። ጀልባው ግን ተገለበጠ።"

ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ታላቅ ወንድሜ የሰመጠ ሳምንት እኛ ዓሣ ጭራሽ አልቀመስንም። እሱ እስከወጣበት ቀን ድረስ ማዕበሉ ስላላስወጣን ሩዝ ብቻ ነበር የምንበላው። የሚገለበጥ ዓሣ እንኳ አልነበረንም።"

ሁለቱ አዛውንቶች ተያዩ። ማን እንደቀደመ አይታወቅም፤ ሳቁ። እንባቸው እየወረደ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ልጆቹ የሚሆኑትን አጡ።

"ታዲያ ምንም ካልጠቀመ" አለ ሴልቢ፣ እንደቆመ ነው፣ "ለምን እስከ ዛሬ እንጠነቀቃለን?"

"ሌላ ምን እናድርግ?" አሉ ሚስተር ፉንግ። "ባሕር ላይ ያለው ሰው ጋ እጃችን አይደርስም። ዓሣው ግን ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።"

ድሩሲላ በልማዷ ተነሥታ ጭልፋውን ወደ ሳህናቸው ልትሰድ ስትል ሰውየው ሳህኑን በሁለት መዳፋቸው ከደኑት።

"እመቤቴ፣ የዓሣውን ነገር ከተናገርኩ ወዲያ ይህን መናገር ይቀላል፤ ልፈነዳ ነው።"

"ታዲያ ለምን ጥርግ አድርገው ይበላሉ?"

"ልጄ 'አታስተርፍ' አለችኛ!"

ሁለቱም ወደ ዋይላን ዞሩ። ዋይላን ፊቷን በፎጣ ሸፈነች።

ሚስተር ፉንግ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "ና" አሉት ሴልቢን። "ታችኛው ጎን ሳይገለበጥም ይበላል። ጅራቱን ያዝ። አትሳበው፤ ከፍ፣ ቀስ እያልክ።" የሴልቢን ሻካራ እጅ በእጃቸው ይዘው አብረው አነሡት። አከርካሪው ከነእሾሁ፣ ከነጭንቅላቱ ብድግ አለና የታችኛው ሥጋ ነጭ ሆኖ እንደተኛ ቀረ። ሰውየው የመጀመሪያውን ቁራጭ አንሥተው ሴልቢ ሳህን ላይ አደረጉለት። ዋይላን ፎጣውን ከፊቷ አወረደች፤ አባቷ ቁራጭ በእጃቸው አንሥተው ሲሰጡ የምታውቀው ለልጆቻቸው፣ ለእሷና ለወንድሟ ብቻ ነበር።

ምሳው አለቀ። ቃሉ ግን ገና ነው፤ አራቱም ያውቃሉ። ሴልቢ አልጎረሰም። ድሩሲላ እጇን ልብሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

"ነገ ትወጣለህ?" አሉት ሚስተር ፉንግ።

"እወጣለሁ። የሸርጣን ወቅት ነው። እስከ ሐሙስ አልመለስም።"

"ወደብ ስትገባ ለማን ነው የምትደውለው?"

"ለእናቴ። ከዚያ ለዋይላን።"

"ከዚያ ለእኔ።"

ሴልቢ አልገባውም። "እኛ የምንገባው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ጌታዬ። እናንተ ዘንድ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ከእንቅልፍዎ ልቀስቅስዎት?"

"አትቀሰቅሰኝም" አሉ ሰውየው። "አልተኛም።"

ድሩሲላ ሰማች፤ ገባትም። ይህ ሰው አህጉር አቋርጦ፣ ጫማ እየሸጠ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ባሕሩን ብቻ አልነበረም፤ መጠበቁን ነው። የነፋሱን ድምፅ እያዳመጡ፣ "አሁን የት ደርሶ ይሆን" እያሉ ሲገላበጡ ማደሩን ነው። አሁን በገዛ አፉ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ለእሷ ልጅ ሲል ሊሸከመው ተመለሰ። ይህን ሁሉ ዘመን እሷ በዚያ መስኮት ሥር ብቻዋን ስትጠብቅ ኖራለች። እንባዋ ዱብ አለ፤ ልትደብቀውም አልሞከረች።

"እማ" አላት ሴልቢ፣ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ። "እሺ ማለታቸው ነው?"

"ዝም ብለህ ቁጥራቸውን ጻፍ፣ ልጄ" አለችው።