ስድስተኛ ፎቅ ንብ አይወጣም

እናቴ አልያዘችኝም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ እሷም በቀን ሁለቴ ትናገረዋለችና። «እኔ አልያዝኩህም» ትላለች በረንዳው ላይ ካለው ወንበሯ ሳትነሳ። «ሂድ፣ መንገዱ ሰፊ ነው።»

መንገዱስ ሰፊ ነበር። በወደብ ከተማ አንድ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሆቴል እየተሠራ ነው፤ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። አራት ሊፍቶቹን የሚጠብቅለት ጠጋኝ ፈልጎ እኔን መረጠ። በሁለተኛው ወር ሠላሳኛ ቀን እዚያ ከች ካልኩ ሥራው የእኔ ነው፤ ካልሆነ የተጠባባቂው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከእናቴ ቤት ውጭ ያደርኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ሊፍት ውስጥ ተቆልፎብኝ።

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ እናታችንን ልትወስድ ክፍል አሰናዳች፣ አልጋ አነጠፈች። እናቴም እሺ አለች። እሺታዋ ግን ጭራ ነበረው።

«በረንዳው ላይ ኪያር እንትከልና ያፍራ። አንድ ከእጄ ብላና ልመርቅህ። ከዚያ እኔም ወደ ልጄ፣ አንተም ወደ ባሕርህ። የተከለውን ሳያይ የሚሄድ ሰው መጨረሻው አያምርም።»

ለኪያር ሁለት ወር ይበቃዋል ብዬ ተስማማሁ። ዘሩንም ገዝቼ ያመጣሁት እኔው ነኝ።

በረንዳችን ዙሪያውን መስታወት ነው። ርዝመቱ ስድስት እርምጃ ነው፤ ወርዱ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ሆዱን የሚስብበት። ሰባት ባልዲ ደረደርን፣ ከየባልዲው እስከ ጣሪያ ሲባጎ ወጠርን። ኪያሩ ሲባጎውን ተከትሎ ወጣ፤ ቅጠሉ ሰፋና መስታወቱን ሸፈነው። መንገዱን ማየት ስንፈልግ እንደ መጋረጃ እንገልጠዋለን። እናቴ ብርድ ስለምትፈራ መስኮት አይከፈትም። ጠዋት ጠዋት መስታወቱን ያልበዋል፤ እኔንም አብሮ።

አበባው መጣ። ከአበባው ኋላ የጣት ጫፍ የምታክል ሻካራ ኪያር ብቅ አለች። ሻንጣዬን ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩ። በሦስተኛው ቀን ኪያሯ ቢጫ ሆነች፣ በአምስተኛው ጠውልጋ ባልዲው ውስጥ ወደቀች። ተከታይዋም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ የመጡት አሥራ አንዱም። ሻንጣው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እናቴ ጃንጥላዋን ታስደግፍበት ጀመር።

«ምን አስቸኮለህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለችኝ።

ስለ እንቁላሉ አልተከራከርኩም። ስለ ኪያር ተረቱ ምንም አይልም።

ሁለተኛው ወር በገባ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ዘሩን ወደ ሸጡልኝ ሽማግሌ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የሸጡልኝ ዘር መካን ነው።»

«መካን አልሸጥም። የት ዘራኸው?»

«መስታወት በረንዳ ላይ። ስድስተኛ ፎቅ።»

«የሜዳ ኪያር እኮ ነው የወሰድከው። ነፋስ የለመደ፣ ንብ የለመደ። መስኮት ትከፍታለህ?»

«እናቴ ብርድ ትፈራለች።»

«ታዲያ ንቡ በየት ይግባ? በሊፍት አይወጣ ነገር።»

«ሊፍቱስ ይሠራል» አልኩ፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ።

መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩኝ። «እንግዲህ ንብ ከሌለ ንቡ አንተ ነህ። በጠዋት ወንዴውን አበባ ትቀጥፋለህ፣ ዙሪያውን ያለውን የአበባ ቅጠል ትገፍፋለህ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ዱቄት ሴቴዋ መሐል ቀባ ታደርጋለህ። ሴቴዋ ከኋላዋ ትንሽ ኪያር ያላት ናት። ወንዴው ባዶ አገዳ ላይ ነው የሚቆመው።»

«ወንዴ የለውም።»

«ምን ማለት ነው የለውም? የሜዳ ኪያር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያወጣው ወንዴ ነው፤ ያውም በእቅፍ። ሰው እየለቀመብህ ነው እንጂ።»

እኛ ቤት ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። እኔ አልለቀምኩም።

በማግሥቱ ጠዋት ጫማ ሳላደርግ ወደ በረንዳው ሄድኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። በጥፍሯ ቀጨት፣ ቀጨት ታደርግና ቢጫ አበባውን የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ትጥላለች። ብርጭቆው ሞልቷል።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ወንዴውን እየለቀምኩ» አለች ሳትዞር። «ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የምለቅመው፤ አንተ ስታንኮራፋ።»

«ለምን?»

«አንተ ያልከኝን ነዋ።»

ከጋውኗ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ሽማግሌው ከዘሩ ጋር የሰጡኝ ወረቀት ነው። የእሷ ዓይን ደቃቅ ፊደል ስለማይለይ፣ በዘራን ዕለት ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «በመስታወት ቤት የሚበቅል ኪያር ወንዴ አበባው በየቀኑ ይለቀም፤ አለዚያ ፍሬው ይመራል።» ልክ ነው፣ እንዲያ ይላል። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ደግሞ «ከላይ የተባለው ለመስታወት ቤት ለተዘጋጁ ዝርያዎች ብቻ ነው፤ የሜዳ ዝርያ ከሆነ ወንዴው አይነካ» ይላል።

ጀርባውን አላነበብኩትም ነበር። ሥራ ቦታ የሚጠሩኝ «መመሪያ» እያሉ ነው፤ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ሳላነብ ብሎን ፈትቼ ስለማላውቅ።

«አንቺስ በልጅነትሽ ከአባትሽ ጋር ኪያር ትተክሉ አልነበር?»

«እንተክል ነበር።»

«ወንዴውን ትለቅሙ ነበር?»

«ማን ጊዜ አለውና ይለቅማል?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«የተማረ ልጄ አንብቦ ከነገረኝ እኔ ማን ነኝ?» አለችና ብርጭቆውን አቀበለችኝ። «እኔ አልያዝኩህም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንብ ሆንኩ። አዲስ ወንዴ እስኪፈነዳ ሁለት ቀን ጠበቅኩ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ትንፋሼን ይዤ የመጀመሪያዋን ሴቴ ቀባሁ። እናቴ እጇን ጭኗ ላይ ሰብስባ ታየኛለች።

«ቀስ በል እንጂ። የአባትህም እጅ እንዲሁ ከባድ ነበር።»

ያቺ ያዘች። ቀጥሎ የቀባኋቸው ሁለቱ ወደቁ፤ ስለ እጄ የተባለው እውነት ሳይሆን አይቀርም። በሃያ አራተኛው ቀን የቀባኋት ደግሞ ያዘች። የመጀመሪያዋን በየቀኑ የሊፍት በር በምለካበት ሜትር እለካታለሁ።

እትዬ ደወለች። «ወንድምዬ፣ አልጋው አቧራ ጠጣ እኮ። ትመጣለች ወይስ አትመጣም?»

«ዛሬ አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ሆኗል።»

«ማነው እሱ?»

«ኪያሩ።»

«አንተንም ይዞሃል ማለት ነው» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያው ኪያር ስንዝር ሞላ። ወፍራም ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ላዩ በጥቃቅን እሾህ የተወጋ። የአውቶቡስ ትኬቴን ኪሴ ከትቼ፣ ሻንጣዬን ዘግቼ፣ ቢላዋና ሳህን ይዤ በረንዳው ላይ ወጣሁ።

እናቴ ቀይ ክር ይዛ ተቀምጣለች።

«እሱ የዘር ነው» አለች።

«ምን?»

«የመጀመሪያው ፍሬ አይበላም፣ ለዘር ይተዋል። አባቴ ቀይ ክር ያስርበት ነበር፤ ክር ያለበትን ማንም አይነካም። የሚበላው ሁለተኛው ነው።»

ሁለተኛዋን አየኋት። ትንሿን ጣቴን ብታክል ነው።

«እማዬ፣ ነገ እኮ ሠላሳ ነው።»

«ታዲያ ቁረጠው። ቢላዋውን የያዝከው አንተ። እኔ ግን ዘሬ ተበልቶብኝ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ብቆርጠው የሚቆረጠው ኪያሩ ነው፤ እሷ ከወንበሯ አትነሳም። ባልቆርጠውም አትነሳም። ሊፍት ውስጥ የተያዘ ሰው ብዙ አውጥቻለሁ፤ የማወጣው ግን በሩን ከውጭ ሆኜ ስለምከፍት ነው።

ወደብ ከተማ ደወልኩ። «አምስት ቀን ይታገሡኝ» አልኩት ኃላፊውን።

«ምን ገጠመህ? ሐዘን ነው?»

«አይደለም። ኪያር ነው።»

«ምን አልከኝ?»

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«ተጠባባቂው ሻንጣውን ይዞ እዚሁ በር ላይ ተቀምጧል፣ ወንድሜ» አለ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ።

ስመለስ እናቴ ክሩን ዘረጋችልኝ። «እኔ አልደርስበትም። አንተ እሰርልኝ።»

አሰርኩላት። ላላ አድርጌ፤ ፍሬው ገና ይሰፋል ብላኛለች።

ሁለተኛዋ በአምስተኛው ቀን ደረሰች። እናቴ ራሷ ቆረጠች፣ ራሷ ላጠች፣ ጨው ነሰነሰችና ግማሹን ሰጠችኝ። ቃሏንም አላጠፈችም። እጇን አናቴ ላይ ጭና «የሄድክበት ሁሉ ይቅናህ» ብላ ረጅም ምርቃት መረቀችኝ።

«እትዬ ጋስ አትሄጂም?» አልኳት።

«አሁንማ ምን ያስሄደኛል? ልጄ እዚሁ አይደል እንዴ።»

ኪያሩ ይመራል ብዬ ነበር። አልመረረም። እንዲያ የሚጣፍጥ በልቼ አላውቅም፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ባለ ቀይ ክሩ አሁን ቢጫ ሆኗል፤ ክሩ ጠብቆበታል። ለሚቀጥለው ዓመት ሦስት ባልዲ ጨምር ብላኛለች። ባልዲዎቹን የማሳልፍበት ኮሪደር ስለጠበበኝ ሻንጣውን ወደ ቁም ሣጥኑ ላይ ልመልሰው ስል፣ «ኧረ ተወው፣ ጃንጥላዬን የት ላስደግፍ?» አለች።

እዚያው ቆሟል።