የግራ እግር የማይወደው ላንድሮቨር

የፈተናው ዕለት ጠዋት ወይንሸት ፋሻ፣ አዮዲን፣ ሁለት ሎሚና አንድ ትራስ በዘንቢል ይዛ ከቤት ስትወጣ፣ ባሏ ተሰማ በከዘራው ተደግፎ በሩ ላይ ይጠብቃት ነበር።

«ትራሱ ለምንድን ነው?»

«ስንገለበጥ አናቴን ልሸፍንበት።»

«ባንገለበጥስ?»

«እቀመጥበታለሁ።»

ወይንሸት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች የአራት ልጆች እናት ናት። ክፉ ክፉውን ማሰብ ግን ትምህርት ቤት ያስተማራት አይደለም፤ አብሯት የተወለደ ነው። ልጅ ካስነጠሰ ሳንባ ምች ነው፤ የጅቡቲው ባቡር ከዘገየ ሐዲዱ ተነቅሏል። አንድ ጊዜ ብቻ ሳትፈራ ቀርታ ነበር፤ ያን ቀን በ1971 ዓ.ም. ተሰማ ከሺኒሌ ሰው ጭኖ ሲመለስ ግመል ገጨ። ግመሉ ተነሥቶ ሄደ። ተሰማ አልተነሣም። የግራ ጉልበቱ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ዳነና መታጠፍ እንቢ አለ። ጉልበቱ ካልታጠፈ ፍሪሲዮን አይረገጥም፤ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ማርሽ አይገባም። መንጃ ፈቃዱም ታገደ።

ሁለት ዓመት ቤት ዋለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አሥራ አምስት ዓመት ላንድሮቨር የነዳ ሰው ቤት ሲውል የሚነዳው ሚስቱን ነው። ድስት ይዛ ከማድ ቤት ስትወጣ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ በቃ፣ አሁን መልሺ» ይላታል። አንዳንድ ማታ ደግሞ አንድም ቃል ሳይናገር ቀኝ እጁ ብቻ ጭኑ ላይ ማርሽ ሲቀይር ታየዋለች። ያን ጊዜ ከድስቱ ይልቅ ልቧ ይከብዳታል።

መላ የዘየደው የመጋላ ሰፈሩ መካኒክ ሙመድ ነው። «እግርህ እንቢ ካለ ፍሪሲዮኑን እናውጣው አቦ» አለ። ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ፣ ዶሮ የሚያድርበት አሮጌ የአሜሪካ መኪና ነበር። የዚያ መኪና ካምቢዮ ማርሹን ራሱ ይቀይራል። ሙመድ ዶሮዎቹን አስወጥቶ ካምቢዮውን አወረደ። ከላንድሮቨሩ ሞተር ጋር አፍ ለአፍ አልገጥም ሲለው፣ የባቡር ጋራዥ የቶርኖ ሠራተኛ የሆነው ሊበን መሃል የሚገባ ወፍራም የብረት ሳህን ቆርጦ ሰጠው። ስድስት ወር ፈጀባቸው። መጀመሪያ የተሞከረ ዕለት፣ ሙመድ ዘንጉን ጎትቶ ፍሬኑን ቢለቀው መኪናው ነዳጅ ሳይሰጡት በራሱ መሄድ ጀመረ። ሙመድ ጥጃ እንደሚመራ ሰው በሩን ይዞ ከጎኑ እየተራመደ «አየሽ ወይኒ፣ ለምዷል» አላት። እሷ ጸበል ይረጭ አለች።

አሁን ቀሪው ፈተናው ብቻ ነው። ካለፈ መንጃ ፈቃዱ ይመለሳል፤ ከወደቀ እስከ መጨረሻው ይሰረዛል።

ፈታኙ ጓድ ወልደ ማርያም በደረቁ የደቻቱ ወንዝ ዳር፣ ካኪ ለብሰው፣ ቅጹን በክንዳቸው አቅፈው ቆመዋል። ሰው የሚጭን ላንድሮቨር ነጂ ሁሉ እሳቸው ዘንድ የሚፈተነው በወንዙ አሸዋ ነው። ከወዲያ ማዶ የመጋላ ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ትዕይንቱን ለማየት የመጡ እንጂ ገበያው እዚያ ሆኖ አይደለም።

ጓድ ወልደ ማርያም አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው ወደ ታች አዩ።

«ፍሪሲዮኑ የታለ?»

«የለውም ጓድ። ካምቢዮው ራሱ ይወስናል» አለ ተሰማ።

«ማን ፈቀደለት?»

ጓዱ ቅጹን ገለጡ። «ተራ ቁጥር አራት፣ ፍሪሲዮን አረጋገጥ። ተራ ቁጥር አምስት፣ ማርሽ አቀያየር። በሌለ ነገር ነጥብ አልሰጥም። ይህ መኪና መሆኑን በምን አውቃለሁ? ውረድ፣ እኔ ልየው።»

ተሰማ ወደ ጎን ወንበር ተሻገረ። ወይንሸት ከኋላ ወንበር ትራሷን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ ውረጂ ያላት የለም። በቃ፣ አለቀልን፣ ሰውየው ሰብረውት መንጃ ፈቃዱም መኪናውም በአንድ ቀን ሊሄዱ ነው ስትል አሰበች።

መኪናው ለስለስ ብሎ ተነሣ። ጓድ ወልደ ማርያም ደስ አላቸው። ትንሽ ሲፈጥን ግን ሠላሳ ዓመት የለመደው ግራ እግራቸው ማርሽ ሊቀይር ፍሪሲዮን ፍለጋ ተወርውሮ ሰፊውን ፍሬን በሙሉ ኃይሉ ረገጠው። መኪናው አፍንጫውን ደፋ። የጓዱ ቆብ ከመስታወቱ ተላተመ፤ ወይንሸት በትራሷ የባሏን ማጅራት መታች።

«ይቅርታ» አሉ ጓዱ፣ ለመኪናው ይሁን ለሰው ሳይታወቅ። ቆባቸውን አንሥተው እንደገና ተነሡ። እንደገና ደፋ። ሦስተኛም።

ከማዶ ሃሊሞ የምትባል ወተት ሻጭ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች። «ወሪያ ጓድ፣ የዙሁር ሰላት ገና ነው። መኪናውን ለምን ታሰግደዋለህ?»

ሴቶቹ ተንከተከቱ። ወይንሸት ሳቋን ለመዋጥ ትራሱን ነከሰች። ጓድ ወልደ ማርያም መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወይንሸት ዘንበል ብላ ስታያቸው እየሳቁ ነው።

«ይህ እግር ነው የሚያዋርደኝ» አሉ ግራ ጭናቸውን በጥፊ እየመቱ። «አንተ ና፣ ንዳ።»

ተሰማ መሪው ላይ ገባ፤ ጓዱ ወደ ጎን ወንበር ዞሩ። ግራ እግሩ እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፤ የትም አልሄደም፣ ምንም አልፈለገም። የአራቱንም ጎማ ኃይል አስገብቶ ወደ አሸዋው ወረደ። ወይንሸት ዓይኗን ጨፈነች።

መሃል ላይ ጎማዎቹ ሰጠም አሉ። «ማርሽ ቀንስ፣ ቀንስ» አሉ ጓዱ። ተሰማ ቀኝ እጁን ከዘንጉ አንሥቶ በአየር ላይ አሳያቸው። ካምቢዮው ከሥር አጉረመረመ፣ ራሱ ማርሹን ቀነሰና መኪናው አሸዋውን እየገመሰ ወደ መጋላ ዳር ወጣ። ሌላው ሰው ማርሽ ሲቀይር ኃይል አጥቶ የሚቀበርበት ቦታ ነበር።

ወይንሸት ዓይኗን ስትገልጥ ከማዶ ናቸው። አልሞቱም።

«ድገመው» አሉ ጓዱ።

«ለፈተናው ነው?»

«ዝም ብለህ ድገመው።»

ሦስት ጊዜ ተሻገሩ። በሦስተኛው ጓዱ ግራ እግራቸውን ወንበር ላይ አጣጥፈው እንደ ልብስ ሰፊ ተቀምጠው ነበር። ወይንሸት እንባዋ እስኪፈስ ስትስቅ፣ ይህን ያህል የሣቀ ሰው ያለቅሳል የሚለው ነገር ትዝ አላት፤ ፈርታ ዝም አለችና ወዲያው እንደገና ሳቀች።

ጓድ ወልደ ማርያም ወርደው ቅጹን ኮፈኑ ላይ ዘረጉ። በተራ ቁጥር አራትና አምስት ላይ «አያስፈልግም» ብለው ጻፉ። ከታች፣ አስተያየት በሚለው ቦታ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ሲሉ ጨመሩ፦ «ይህን ተሽከርካሪ የግራ እግሩ የሚሠራ ሰው ባይነዳው ይመረጣል። አመልካቹ ለመኪናው እጅግ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። አልፏል።» ፈርመው ወደ ጎን ወንበራቸው ተመለሱ።

ተሰማ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ለወይንሸት ሰጣት። እሷም ስሙ በትክክል መጻፉን፣ ቀኑ አለመሳሳቱን፣ ፊርማው አለመዘለሉን ፊደል በፊደል አጣራች። ስህተት አጣችበት።

ሃሊሞ ቅርጫቷን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ሁለት ፍየል በገመድ ይዛ መጣች። «ተሰማ፣ ሺኒሌ ትሄዳለህ?»

«ሾፌር አይደለሁ?» አለ።

ፍየሎቹ ከወይንሸት ጎን ገቡ። ሃሊሞ የፊቱን በር ከፍታ ጠበቀች፤ ጓድ ወልደ ማርያም ግን ከወንበሩ አልተነሡም።

«እኔም» አሉ ወደ ፊት እያዩ፣ «ሺኒሌ የማየው ነገር አለኝ።»