የማያሰማ ማዳመጫ

ይሻው በቋጣሪነቱ የታወቀ ሰው ነው። አንድ ጃንጥላ አሥራ አምስት ዓመት የያዘ፣ ሲቀደድበትም በራሱ እጅ የሰፋ፣ እንግዳ ሻይ ሲጠጣ የስኳሩን ማንኪያ በዓይኑ የሚከተል ሰው። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ካለ የሞባይል ዕቃ መሸጫ ገብቶ፣ «ያለሽን ኤርፎን ሁሉ አውጪልኝ፣ ደህና ደህናውን» ሲል፣ የወንድሙ ልጅ እመቤት አፏን ይዛ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ሎተሪ ደረሰዎት እንዴ?»

«ፈተናሽን ጨርሰሽ የለ? የጨረሰ ይሸለማል» አላት፣ የሹራብ ኮፍያውን ወደ ጆሮው እየጎተተ።

ኮፍያው ለሐዘን የተላጨ ራስ ደብቋል። የእመቤት አባት፣ የይሻው ታላቅ ወንድም ሙላቴ ከሞተ አሥረኛ ቀኑ ነው። እሷ ግን አልተረዳችም።

እብናት ላይ ወፍጮ ቤት የነበረው ሙላቴ በአንድ ቀን ሕመም ነው የሄደው። ሽማግሌዎቹ ከቀብር መልስ ተቀመጡና፣ ልጅቱ የመጨረሻ ፈተናዋ ላይ ናት፣ አሁን ብትረዳ የስንት ዓመት ልፋቷ ገደል ይገባል፣ ጨርሳ ትምጣ ብለው ቆረጡ። ለአባቷ ስትደውል «ስልኩ ተበላሽቶ ሊጠገን ገብቷል» አሏት። የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ጓደኞቿ ያውቃሉ። ከእብናት የመጡ ተማሪዎች በሙሉ ያውቃሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ያላወቀች እሷው ብቻ ነበረች።

የነፍስ አባታቸው መምሬ ካሳሁን ይሻውን ሲልኩት አንድ ነገር አጥብቀው አስይዘውታል። «መርዶ ለብቻ አይሰማም። ዛሬ ቤትህ ታድራለች፣ ጎህ ሲቀድ መጥተን፣ ከበን እናረዳታለን። መንገድ ላይ አንድ ቃል ብትሰማ፣ የሚይዛት እጅ ሳይኖር ብትሰማ፣ ተጠያቂው አንተ ነህ።»

ይሻው የፈራው ይህንኑ ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ሚኒባሱ በእብናት ሰው ጢም ይላል፤ የእብናት ሰው ደግሞ ከሙላቴ ሞት ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ኮንትራት መኪና እንዳይዝ፣ ይሻው ኮንትራት ያዘ ማለት ሰው ሞተ ማለት እንደሆነ እመቤት ሳትጠይቅ ታውቃለች። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ነው ይህን የኤርፎን መላ ያመጣው።

የሱቁ ባለቤት አዲስዓለም ሦስት ዓይነት መስታወቱ ላይ ደረደረች፤ አንዱ ባለገመድ፣ አንዱ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ አንዱ በትንሽ ሳጥን የሚቀመጥ ገመድ አልባ። እመቤት ያለ ሙዚቃ መንገድ የማይገፋላት ልጅ ናት፤ የድሮ ኤርፎኗ ከተበላሸ ወዲህ ዓለም ጭር ብሎባት ነበር። እያንዳንዱን ወትፋ፣ አንድ ዘፈን ደጋግማ ከፍታ፣ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እየተራመደች ፈተነቻቸው።

«ባለገመዱ ጥርት ያለ ነው፤ የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ ሁሉ ይሰማል። ስራመድ ግን ገመዱ ልብሴን በነካ ቁጥር ጆሮዬ ውስጥ ያንኳኳል። የአንገቱ ከበሮው ጎልቶ ዘፋኙን ዋጠው። ይሄ የሳጥኑ...» ጎማውን በጣቷ ጫን አደረገችው፤ «ይሄ ይጠብቃል፤ ድምፁ ግን የታፈነ ነው። ለእኔ ባለገመዱ ይሻለኛል፤ ርካሽም ነው። ከአባዬ ጋር ለማውራትም ጥሩ ነው፤ ድምፁን ቀንሼ እሰማዋለሁ። ቤት ቁጭ ብሎም ወፍጮው ሥር የቆመ ይመስለዋል መሰል፣ ይጮህብኛል እኮ! ስልኩ ይጠገንና...»

ይሻው ሳል አስመስሎ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ባለገመዱን ተቀብሎ የራሱ ጆሮ ውስጥ ከተተና አዲስዓለምን «እስቲ አንድ ነገር ተናገሪ» አላት።

«ምን ልናገር?»

«ሰማሁሽ። አይሆንም።» የአንገቱን አደረገ።

«ዋጋውን ልንገርዎት?»

«እሱንም ሰማሁ። አይሆንም።»

ሦስተኛውን ሲከት እመቤት ዘፈን ለቀቀችለት። የአዲስዓለም ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልመጣም። የባጃጆቹ ጡሩንባ፣ የረዳቶቹ ጥሪ፣ ሁሉም ጠፋ። «ይኼ ነው!» አለ። በጣም ጮኾ ስለነበር ሁለቱ ሴቶች በሳቅ ፈረሱ።

«ሰው የሚያሰማውን ይመርጣል፤ እርስዎ የማያሰማውን» አለችው አዲስዓለም።

ሳይከራከር ከፈለ። እመቤት ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል አፈፍ አድርጎ ቀና አደረጋት። ያን ጊዜ እንባው ሊያመልጠው ምንም አልቀረው።

ሚኒባሱ ውስጥ እሷን በመስኮቱ በኩል አስቀመጠና ራሱ እንደ አጥር ከጎኗ ተቀመጠ። ከፊታቸው ዘንቢል ያቀፉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አያውቃቸውም፣ አያውቁትም። እመቤት ሁለቱን ጎማዎች ወተፈች። መኪናው ከከተማ ሲወጣ ራሷን በዘፈኑ ልክ ትነቀንቅ ጀመር፤ ይሻው እፎይ አለ፤ እንዲያውም በግዢው ኮራ።

ሴቶቹ ስለ ሽንኩርት ሲያወሩ ቆዩ። ከዚያ አንደኛዋ «ጤፌን የት ላስፈጨው እንደሆን እንጃ» አለች።

ይሻው ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ገባው። ቶሎ ወደ እመቤት ዞረ። ምንም አልሰማችም፤ ፈገግ እንዳለች ነው። ፈገግታዋን ግን ወደ እሱ አዞረችና፣ በእሱ በኩል ካለው ጆሮዋ አንዱን ኤርፎን ነቀለች።

«ጋሼ፣ ይቺን ይስሟት። አባዬ የሚወዳት ናት።»

«ተይ ልጄ፣ ጆሮዬን ያመኛል። መልሽው። መልሽው አልኩሽ!»

«የገዛልኝ ሰው ሳይሰማትማ አይሆንም!» ብላ እየሳቀች ጆሮው ውስጥ ወተፈችለት።

ዘፈኑ ገባ። ሙላቴ ማታ ማታ ወፍጮውን አጥፍቶ፣ ዱቄቱን ከቅንድቡ እያራገፈ የሚያንጎራጉራት ዘፈን ናት። ይሻው በአንድ ጆሮው ወንድሙን ሰማ፣ በሌላው ሴቶቹን።

«የሙላቴ ወፍጮ እንደሆነ ባለቤቱ ከሞተ ወዲህ ቆሟል።»

«ልጁስ መጣች?»

«የት ትመጣለች! ፈተና ላይ ናት ብለው ደበቋት እንጂ። ነገ ጠዋት ሊያረዷት ነው አሉ። ምስኪን፣ አባቷን እንኳ ሳትቀብር።»

ይሻው ሲዞር እመቤት የሴትዮዋን ማጅራት እያየች ነበር። የቅድሙ ፈገግታ ከከንፈሯ ገና አልወረደም፤ ዓይኗ ግን የሌላ ሰው ሆኗል። ከዚያ እሱን አየችው፣ እንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ አየችው። መዳፏን ዘረጋች።

«ይስጡኝ ጋሼ።»

ሰጣት። መልሳ ጆሮዋ ውስጥ ከተተችውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስልኩ ጭኗ ላይ ነበር። ይሻው አየው፤ ዘፈኑ ቆሟል። እስከ እብናትም አልተከፈተም።

እቅፍ አድርጎ «አዎ ልጄ፣ እውነት ነው» ማለት ነበረበት። ይህን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሺህ ጊዜ ለራሱ ብሎታል። ያን ጊዜ ግን ፈራ። መምሬ ካሳሁንን ፈራ፣ ሥርዓቱን ፈራ፣ ከሁሉ በላይ ለቅሶዋን ፈራ። ምናልባት አልሰማችም፣ ምናልባት ዘፈኑ ሰልችቷት ነው እያለ ራሱን ደለለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እብናት ሲደርሱ መውረጃው አጠገብ ያለው ወፍጮ ቤት በሩ ተዘግቷል። ድሮ ከሩቅ ይሰማ የነበረው ድብድብታ የለም። እመቤት ቀና ብላ አላየችውም። አባቷ ቤት ልሂድ ሳትል ይሻው ቤት ገባች፤ ደክሞኛል ብላ፣ ኤርፎኑን ጆሮዋ ውስጥ እንዳደረገች ወደ ጓዳው ገባች። የይሻው ሚስት «ጎሽ፣ ዘፈኗን እየሰማች ትተኛ፣ ነገ የት ታገኘዋለች» ብላ መጋረጃውን ጋረደችላት። ይሻው መጋረጃው ድረስ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

ጎህ ሲቀድ መምሬ ካሳሁን መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ከኋላ ገቡ። መጋረጃው ሲገለጥ እመቤትን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኟት። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሐዘንተኛ አጣፍታለች። አልጋው አልተተኛበትም። ኤርፎኖቹ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ ናቸው።

«ልጄ እመቤት...» ብለው ጀመሩ መምሬ።

«ይቆዩኝ አባ።» አንዱን አወጣች፣ ሁለተኛውን አወጣች፣ ሳጥናቸው ውስጥ አስቀምጣ ከደነቻቸው። ነጠላዋን አይተው ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ ይሻው ሲያዞሩ፣ ቀድማቸው ተናገረች።

«ሕልም አይቼ ከፍቶኝ ነው። ጋሼ ምንም አላሰሙኝም፤ ከማንም አልሰማሁም። አሁን ይንገሩኝ።»

ነገሯት። ጩኸቷ ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ፤ ሴቶቹም በግራ በቀኝ ያዟት፤ በርካታ እጆች ነበሩ።

መምሬ ካሳሁን ወደ ይሻው መጥተው ትከሻውን ነኩት። «ተባረክ» አሉት። «አደራህን ተወጣህ።»

ይሻው ኮፍያውን ከተላጨ ራሱ ላይ አውልቆ ግድግዳው ሥር ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ሰዉ ለወንድሙ መሰለው።