የሮዳስ ቧንቧ

ፊልሞን የጋራዡን በር መክፈቻ ኮድ የነካው ሳያይ ነው። ሚስቱ ዕንቁ ከኋላው ቆማ ጣቶቹን ተመለከተች፤ አንዴም አላመነቱም።

«በቃልህ ነው እንዴ የያዝከው?»

«አራት ቁጥር ምን አለው?» ብሎ ቀድሟት ገባ።

ሮዳስ የዕንቁ የድሮ የሥራ ጓደኛ ናት። ትዳሯ ከፈረሰ ወዲህ ኢንስፒራዳ በሚባለው ሰፈር ባለው በዚህ አዲስ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። አሁን እህቷን ልታርስ ዴንቨር ሄዳለች። ዛሬ ሌሊት ውሃ የሚያረጋ ብርድ ይመጣል ሲባል የደወለችው ግን ለጓደኛዋ አይደለም፤ ስትሪፕ በሚሉት የሆቴሎች ጎዳና ላይ በአንድ ሆቴል ጥገና ክፍል ለሚሠራው ለፊልሞን ነው። «ፊሎዬ፣ ቧንቧዬ ፈንድቶ ቤቴን እንዳያጥለቀልቀው!» ስትለው ዕንቁ ወጥ እያማሰለች ሰምታለች። ፊሎዬ! የዕንቁ የራሷ መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ከመስቀል ጀምሮ ሲንጠባጠብ «ኦፍ ስሆን» የሚላት ሰው፣ ለዚህኛው ሺፍት ቀይሮ መጣ። «አብሬህ እሄዳለሁ» ብላ ጫማዋን ያጠለቀችው ያኔ ነው።

ፊልሞን ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘጋ፤ ውስጥ የቀረው ውሃ እንዲፈስ ቧንቧዎቹን ከፈተ፤ ሂተሩን በትንሹ እንደበራ ተወው። ከዚያ የአሮጌ ፎጣዎቹን መሳቢያ ሳይፈላልግ አገኘው።

«እዚህ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«አምናም ቧንቧውን የጠቀለልኩት እኔው ነኝ።»

«እኔ የት ሆኜ?»

«ሥራ።»

ተከትላው ወጣች። ውጭ ከግድግዳው ሥር ተንበርክኮ የአትክልቱን ቧንቧ ሲጠቀልል፣ ሕፃን የሚያለብስ ይመስል ነበር።

«ንገረኝ ፊልሞን። በእሷና በአንተ መሃል ምን አለ?»

ቀና ብሎ አያት። አልሳቀም፤ አልተቆጣምም።

«ምንም የለም። ግን ስጨርስ እጅህ ይባረክ ትለኛለች፤ ደስ ይለኛል። አንቺ የምትነግሪኝ የተበላሸውን ብቻ ነው።»

ውሸት ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ ትጮኽበታለች።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። እጁ በቴፕ ተይዞ ስለነበር ዕንቁ አውጥታ አነሳችው።

«ፊሎዬ፣ እንዴት ሆነልህ?»

«ዕንቁ ነኝ። ቤትሽ ደህና ነው። አራሷ እንዴት ናት?»

«ውይ፣ አንቺም መጣሽ?»

«መጥቻለሁ።»

ስልኩን ዘጋችና ከባሏ አጠገብ ተንበረከከች። ቴፑን ከእጁ ወሰደች።

«ዋናው መዝጊያ በየት በኩል ነው የሚዞረው? አሳየኝ» አለችው። «ብርዱ ሲያልፍ ልከፍት የምመጣው እኔ ነኝ።»