የፈተና ቀን ሳል

ሰው የሚለኝን አውቃለሁ። «ልቡ ብረት ነው» ይሉኛል። ይበሉ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት ስቆርጥ ኖሬ ልቤ ምን እንዲሆን ፈልገው ነው?

የእህቴን ልጅ ፋብሪካ ያስገባኋት እኔ ነኝ። የኮሌጅ መግቢያ ደብዳቤዋ መጥቶ ነበር። እህቴ ደብዳቤውን ለጎረቤቱ ሁሉ እያሳየች ስትፈነጥዝ፣ እኔ ነኝ «አራት ዓመት ወንበር አሙቃ ሥራ ፈት ከምትሆን፣ ፋብሪካው በራሱ ወጪ ያሠለጥናታል፤ ሦስት ዓመት ተምራ ፈተናውን ካለፈች ቋሚ የቶርኖ ባለሙያ ናት» ያልኩት። እህቴ አኮረፈች። ልጅቷ ግን አሮጌ ቱታዬን ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። «አደራህን» አለችኝ እህቴ። «እኔ እያለሁ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ፤ የፋብሪካው የቶርኖ አሠልጣኝ እኔው ነኛ።

ፈተናው ያው እንደ ሁልጊዜው ነው። አንድ የብረት ዘንግ ቶርኖው፣ ማለት የብረት መላጫው ማሽን ላይ አስሮ፣ በተሰጠው ሰዓት በልኩ ልጦ ማውጣት። ከልኩ የፀጉር ያህል ከቀጠነ ወደቀ፤ ድጋሚ የለም፣ ፋብሪካው ያሰናብታል። አሠልጣኝ አጠገብ ይቆማል እንጂ መናገር አይፈቀድለትም። በእኛ ክፍል ግን አንድ ልማድ አለ። ተፈታኙ ሊሳሳት ሲል አሠልጣኙ አንዴ ይስላል። ሳሉን የሰማ እጁን ሰብስቦ ያስባል። ፈታኙ ኢንጂነርም ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል። ለእኔም በጊዜዬ ተስሎልኛል።

ሦስት ዓመቱ አልቆ የፈተናዋ ቀን ጠዋት ታዲያ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሁለት በያጆች ሲያወሩ ሰማሁ። «ዛሬ የእህቱ ልጅ ናት፤ ሳንባው እስኪወጣ ነው የሚስልላት» አለ አንዱ። ተሳሳቁ። ደሜ ፈላ። እኔን! ምን አባታቸው! ዛሬ ከጉሮሮዬ አንዲት ድምፅ አትወጣም ብዬ ማልኩ።

ልጅቷ ጥርት ያለ ሥራ ነበር የምትሠራው። መጨረሻ ላይ ሰዓቱ ሲያጥርባት ግን ማሽኑን አፈጠነችው፤ ብረቱ ጋለ። ሳይበርድ መለኪያውን አነሳች። የጋለ ብረት ያብጣል። እብጠቱን ለክተህ ልኩ ላይ ካደረስከው፣ ሲበርድ ቀጥኖ ታገኘዋለህ። ይህን መጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው ያስተማርኳት፤ ፍርሃት አስረሳት። ቀና ብላ አየችኝ። ጉሮሮዬን በላኝ። ጣራውን አየሁ።

እሷም ዝምታዬን «ልክ ነሽ» ማለት አድርጋ ወሰደችው። ፈገግ አለችና የመጨረሻውን ላጠች።

ዘንጉ እስኪበርድ ጠበቅን። ኢንጂነሩ ሁለቴ ለካና መነጽሩን አወለቀ። «ቀጥኗል» አለ። ልጅቷ ወጣች። እሱ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ሰው ነህ፤ ለሥጋህ እንኳ አላደላህም» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ አለኝ።

ቀጣዩ ተፈታኝ ያ ገልቱ ነበር፤ መፍቻ ባነሳ ቁጥር እግሩ ላይ የሚጥለው። እሱም ብረቱን አጋለው፤ እሱም ትኩሱን ሊለካ እጁን ሰደደ። በዚህ ልጅ ማንም አያማኝም። ሳልኩ። እጁን ሰበሰበ፣ እስኪበርድ ጠበቀ፣ አለፈ።

ስወጣ የእህቴ ልጅ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ቱታዋን አውልቃ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። በሩ ክፍት ነበር ለካ።

«ለሱ ሳልክለት» አለችኝ።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«አሁን ነው የያዘህ፣ አጎቴ?»

ተነሳችና ቱታውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ለእማዬ አንተው ንገራት። እኔ አልችልም» ብላ ሄደች። ያ የእኔ አሮጌ ቱታ ነው፤ እጅጌውን በልኳ አሳጥራ ሰፍታዋለች። አሁን ለእኔም አይሆነኝም።

ይዤው እህቴ ቤት ሄድኩ። ኮቴዬን ታውቀዋለች። ገና በሩን ሳላንኳኳ፣ ከውስጥ እየሳቀች «አለፈችልኝ አይደል፣ ወንድሜ?» አለችኝ።